የጨው ውኃ አኳሪየም በጃናሞራ ደጋ፤ ምን እንግዛ፣ ምን እንሥራ፣ ምን እናቆይ?

አኳሪየም የውኃ ውስጥ ሕይወት ለእይታና ለጥናት የሚጠበቅበት ግልጽ ገንዳ ነው። በወንዝ ወይም በሐይቅ ውኃ የሚሠራው ዓይነት በከተሞቻችን አልፎ አልፎ ይታያል፤ በጨው ውኃ የሚሠራው ግን ባሕር ለሌላት አገራችን እንግዳ ነው። ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በምትገኘው ደባርቅ፣ ወይም ከደባርቅ በቧሂት በኩል ተሻግሮ በሚደረስበት ጃናሞራ ለሚኖር ተማሪ ደግሞ ጨርሶ የማይሞከር ሊመስል ይችላል። ስለ ጉዳዩ የተጻፉት መመሪያዎች አብዛኞቹ በዝቅተኛ ቦታ፣ መብራት እምብዛም በማይጠፋበትና የባሕር እንስሳት የሚሸጡበት ሱቅ ቅርብ በሆነበት አገር ለሚኖሩ ሰዎች የተዘጋጁ ናቸው። ዝርዝራቸውን እንዳለ ገልብጦ ዕቃ የሚገዛ የደጋ ሰው ገንዘቡን በማያስፈልገው ነገር ላይ ጨርሶ እጅግ የሚያስፈልገውን ሊዘነጋ ይችላል። ኪሳራው ደግሞ የገንዘብ ብቻ ሳይሆን የእንስሳትም ሕይወት ነው።

በዚህ ጽሑፍ ለቤት ወይም ለትምህርት ቤት የሚሆን አነስተኛ የጨው ውኃ አኳሪየም ለማቋቋም የሚያስፈልጉትን መሣሪያዎች አንድ በአንድ እንመለከታለን። የምንመራበት ሐሳብ አንድ ነው፤ የመሣሪያ ዝርዝር መውጣት ያለበት ከሱቅ መደርደሪያ ሳይሆን ቦታው ከሚያጎድለው ነገር ነው። ስለዚህ በየክፍሉ «ይህን ሥራ በባሕር ውስጥ የሚሠራው ምንድን ነው? በእኛ ደጋስ ምን ይጎድላል?» ብለን እንጠይቃለን።

ባሕር የሚሠራቸው አራት ሥራዎች

ባሕር በውስጡ ለሚኖሩ እንስሳት አራት ሥራዎችን ያለማቋረጥ ይሠራል። አንደኛ፣ የጨዎቹን መጠንና ምጣኔ ሳይለወጥ ያቆያል። ሁለተኛ፣ በማዕበሉ አማካይነት ከአየር ኦክስጅን ይቀበላል። ሦስተኛ፣ ከግዙፍነቱ የተነሣ ሙቀቱ በቀንና በሌሊት መካከል እምብዛም አይለዋወጥም። አራተኛ፣ የእንስሳቱን ቆሻሻ ያቀጥናል፤ በባክቴሪያዎችም አማካይነት ወደማይጎዳ ነገር ይለውጣል። ለአኳሪየም የሚሸጥ ጠቃሚ መሣሪያ ሁሉ ከእነዚህ ሥራዎች አንዱን የሚተካ ነው። አንዱንም የማይተካ ዕቃ ጌጥ ነው ማለት ይቻላል።

ሥራዎቹን ለመተካት የግድ ውድ ዕቃ እንደማያስፈልግ የአኳሪየም ታሪክ ራሱ ይመሰክራል። እ.ኤ.አ. በ1846 አና ቲን የተባሉ እንግሊዛዊት ወይዘሮ ከባሕር ዳር የሰበሰቧቸውን ሕያዋን ኮራሎች ወደ ለንደን ወስደው ለዓመታት በሕይወት አቆይተዋል። ኤሌክትሪክ ባልነበረበት በዚያ ዘመን ውኃውን አየር ያስገኙለት የነበረው በክፍት መስኮት ፊት ከዕቃ ወደ ዕቃ እንዲገለበጥ በማስደረግ ነበር። ለንደን ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተው የመጀመሪያው የአኳሪየም አዳራሽ የተመረቀው ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1853 ነው።

ጨው፤ አሞሌ ስለምን ባሕር አይሆንም?

በአማካይ አንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ 35 ግራም ጨው ይይዛል። የቀይ ባሕር ውኃ ትነት ስለሚበዛበት በሰሜኑ ክፍል እስከ 40 ግራም ይደርሳል። «እንግዲያው 35 ግራም አሞሌ አሟሙቶ ጨምሮ ባሕር መሥራት አይቻልምን?» የሚል ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። መልሱን ለማግኘት ባሕር ከምን ከምን እንደተሠራ ማወቅ ይገባል።

ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. ከ1872 እስከ 1876 ዓለምን ስትዞር ከየውቅያኖሱ የውኃ ናሙና ሰብስባ ነበር። ዊልያም ዲትማር የተባለው ኬሚስት ከእነዚህ 77ቱን መርምሮ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ1884 አሳተመ። የጨዉ ብዛት ከቦታ ቦታ ቢለያይም፣ የዋና ዋናዎቹ ንጥረ ነገሮች የእርስ በርስ ምጣኔ በየውቅያኖሱ ተመሳሳይ መሆኑን አረጋገጠ። በአንድ ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ ውስጥ 19.4 ግራም ገደማ ክሎራይድ፣ 10.8 ግራም ሶዲየም፣ 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ማግኒዚየም፣ 0.41 ግራም ካልሲየም እና 0.40 ግራም ፖታሲየም ይገኛል። የባሕር እንስሳት ሴሎችና ነርቮች የተሠሩት ለዚህ ምጣኔ ነው።

አሞሌ ግን ሌላ ታሪክ አለው። በአፋር፣ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ የሚገኘው የደናክል ረባዳ ምድር በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ክንድ ነበር። ከ100,000 ዓመት በላይ ዕድሜ ያላቸው የኮራል ቅሪቶች ዛሬም በረባዳው ዳርቻ ይታያሉ። ያ ባሕር ከእናቱ ተቆርጦ ሲደርቅ ጨዎቹ በአንድ ጊዜ አልረጉም። የባሕር ውኃ ሲተን በመጀመሪያ የሚረጋው የኖራ ድንጋይ ነው፤ ቀጥሎ ጀሶ ይረጋል። ከውኃው 90 በመቶ ያህሉ ከተነነ በኋላ የገበታ ጨው፣ ማለትም ሶዲየም ክሎራይድ ይከተላል። የፖታሲየምና የማግኒዚየም ጨዎች የሚረጉት በመጨረሻ ነው። በዳሎል አካባቢ የፖታሽ ማዕድን ለብቻው ንብርብር ሆኖ የሚገኘውም በዚህ ምክንያት ነው።

እንግዲህ ፀሐይ ባሕሩን ንብርብር በንብርብር ፈታችው ማለት ነው። ከአሳሌ ሐይቅ ዳር ተቆርጦ ወደ ደጋ ሲወጣ የኖረው፣ በአንድ ወቅትም እንደ ገንዘብ ያገለገለው አሞሌ ከእነዚህ ንብርብሮች አንዱ ብቻ ነው። ሶዲየምና ክሎሪን አለው፤ ካልሲየም፣ ማግኒዚየምና ፖታሲየም ግን ሌላ ቦታ ቀርተውበታል። በአንድ ንብርብር ብቻ ባሕርን መልሶ መገንባት አይቻልም። አደጋው ደግሞ ጉድለቱ በቀላሉ አለመታወቁ ነው። የአሞሌውን ውኃ በምላስ ብንቀምሰው፣ ክብደቱንም ብንለካው ከባሕር ውኃ አንለየውም፤ ልዩነቱን የሚያውቀው በውስጡ የሚገባው ዓሣ ነው።

ስለዚህ በጨው ላይ ገንዘብ መቆጠብ አይገባም። ለአኳሪየም ተብሎ የተዘጋጀ የባሕር ጨው ማግኘት የሚችል ያንን ይግዛ። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ያለው ግን ራሱ ሊያዘጋጀው ይችላል። ለ10 ኪሎ ግራም የባሕር ውኃ የሚያስፈልገው እንደሚከተለው ነው፤

– ሶዲየም ክሎራይድ 272 ግራም
– ማግኒዚየም ሰልፌት፣ ከ7 የውኃ ሞለኪውል ጋር፣ 70 ግራም
– ማግኒዚየም ክሎራይድ፣ ከ6 የውኃ ሞለኪውል ጋር፣ 51 ግራም
– ካልሲየም ክሎራይድ፣ ከ2 የውኃ ሞለኪውል ጋር፣ 15 ግራም
– ፖታሲየም ክሎራይድ 7 ግራም
– ሶዲየም ባይካርቦኔት፣ ማለትም የመጋገሪያ ሶዳ፣ 2 ግራም

ካልሲየም ክሎራይዱን በሌላ ዕቃ ለብቻው አሟሙቶ በመጨረሻ ቀስ እያሉ መጨመር ያስፈልጋል፤ ወፍራም ሆኖ ከሌሎቹ ጋር ከተገናኘ ጀሶ ወይም ኖራ ሆኖ ይረጋል። ከዚያም ጠቅላላው ክብደት 10 ኪሎ ግራም እስኪሞላ ውኃ ይጨመራል። የቧንቧ ውኃ ከሆነ ክሎሪኑ እንዲወጣ ቢያንስ አንድ ቀን በክፍት ዕቃ እየተነፋ ይደር። በመዳብ ዕቃ ወይም ዚንክ በተቀባ የብረት በርሜል መጠቀም ፈጽሞ አይገባም፤ የእነዚህ ብረታ ብረቶች ጥቂት መጠን እንኳ አከርካሪ የሌላቸውን የባሕር እንስሳት ይገድላል።

ሃይድሮሜትር ወይስ ሚዛን?

የጨዉን መጠን መለካት ለድርድር አይቀርብም፤ ሃይድሮሜትር መግዛት ግን የግድ አይደለም። አንድ ጠርሙስ እስከ አፉ በንጹሕ ውኃ ሞልተን እንመዝን። ያንኑ ጠርሙስ በጨው ውኃው ሞልተን እንደገና እንመዝን። ሁለቱ ውኆች እኩል ሙቀት ሊኖራቸው ይገባል፤ የባዶ ጠርሙሱም ክብደት ይቀነሳል። የጨው ውኃው ክብደት ለንጹሑ ውኃ ክብደት ሲካፈል 1.026 ገደማ ከሆነ መጠኑ ልክ ነው። ለምሳሌ 500 ግራም ንጹሕ ውኃ የሚይዝ ጠርሙስ 513 ግራም የባሕር ውኃ ይይዛል። የአሥረኛ ግራም ልዩነት የሚለይ የቤተ ሙከራ ሚዛን ካለ ይህ ዘዴ ከርካሽ ሃይድሮሜትር የተሻለ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ከዚህ ጋር አብሮ መታወስ ያለበት ትነት ነው። ውኃ ይተናል፤ ጨው ግን አይተንም። በ10 ሊትር ዕቃ ውስጥ ካለው 35 ግራም በሊትር የሆነ ውኃ አንድ ሊትር ቢተን መጠኑ ወደ 38.9 ከፍ ይላል። በ60 ሊትር ገንዳ ውስጥ ግን ያው አንድ ሊትር ቢተን 35.6 ብቻ ይሆናል። ከዚህ ሁለት ትምህርት እናገኛለን። በትነት የጎደለው የሚተካው በጨው ውኃ ሳይሆን በንጹሕ ውኃ ነው፤ ለዓሣ የታሰበ ገንዳ ደግሞ ትንሽ በሆነ መጠን ለጀማሪ ይበልጥ አስቸጋሪ ይሆናል። በበጋ፣ አየሩ በሚደርቅበት ወራት፣ በገንዳው ላይ የውኃውን ልክ የሚያሳይ መስመር አስምሮ በየቀኑ መሙላት ይበጃል።

አየር፤ የደጋው ዋነኛ ገደብ

አሁን የደጋው ሰው በመመሪያዎች ውስጥ ብዙ ጊዜ ወደማያገኘው ጉዳይ ደርሰናል። በውኃ የሚሟሟው ኦክስጅን መጠን የሚወሰነው በሦስት ነገሮች ነው፤ በሙቀት፣ በጨውና በአየር ግፊት። ሙቀት ሲጨምር ኦክስጅን ይቀንሳል፤ ጨው ሲጨምርም ይቀንሳል፤ የአየር ግፊት ሲያንስ ደግሞ በዚያው ልክ ያንሳል። በደባርቅ ከፍታ የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ ገደማ ነው።

ቁጥሮቹን እናስተያይ። በባሕር ወለል ላይ፣ በ25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በአየር የጠገበ ጨው አልባ ውኃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ይይዛል። በዚያው ሙቀት የባሕር ውኃ 6.7 ገደማ ይይዛል። ይህንኑ የባሕር ውኃ ወደ ደባርቅ ብናመጣው መጠኑ ወደ 4.7 ይወርዳል። ለብዙ የሞቃት ባሕር ዓሦች ከ5 ሚሊ ግራም በላይ እንዲሆን ይመከራል። በሌላ አነጋገር፣ ውኃው የሚችለውን ያህል አየር ጠጥቶ እንኳ ከሚመከረው በታች ነው።

ይህ እውነት ስለ አየር ፓምፕ ያለንን አስተሳሰብ ያስተካክላል። ፓምፑ የሚነፋው ያንኑ የደጋ አየር ስለሆነ ኦክስጅኑን ከ4.7 በላይ ሊያደርሰው አይችልም። ሁለት ፓምፕ መግዛትም ጣሪያውን ከፍ አያደርገውም። የፓምፑ ጥቅም እንስሳቱና ባክቴሪያዎቹ የተጠቀሙበትን በፍጥነት መተካት ነው። ስለዚህ መድኃኒቱ በግዢ ሳይሆን በምርጫ ይገኛል፤ ጥቂት እንስሳት ማኖር፣ ጥቂት መመገብ፣ ሙቀቱን እንስሳው በሚፈቅደው ዝቅተኛ ልክ መያዝና አነስተኛ ኦክስጅን የሚበቃውን ፍጡር መምረጥ። በከፍታ ቦታ የባሕር እንስሳትን ማኖር የማይቻል አይደለም፤ 2,240 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት በሜክሲኮ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2014 ትልቅ የሕዝብ አኳሪየም ተከፍቷል። ዳሩ ግን ደባርቅ ከሜክሲኮም ከተማ ከ600 ሜትር በላይ ከፍ ትላለች።

የአየር ግፊት ጉዳይ በመንገድም ላይ ይገጥመናል። በጎንደር አየር ተሞልቶ የታሰረ የፕላስቲክ ከረጢት በ4,200 ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ፣ ሙቀቱ ካልተለወጠ፣ በውስጡ ያለው አየር በ30 በመቶ ገደማ ይሰፋል። ስለዚህ በቧሂት በኩል ወደ ጃናሞራ ሕያው እንስሳ የሚወስድ ሰው ከረጢቱን ወጥሮ ማሰር የለበትም፤ ይፈነዳልና።

ፓምፕ ሲገዛ ትንሽ ሆኖ በባትሪም የሚሠራ ቢመረጥ ይበልጣል። ከውኃው ልክ በላይ መቀመጥ ይኖርበታል፤ አለዚያ መብራት ሲጠፋ ውኃው በቱቦው ተመልሶ ወደ ፓምፑ ይገባል። ባትሪ በሌለበት ሰዓት ደግሞ የአና ቲን ዘዴ ዛሬም ይሠራል፤ በኩባያ እየቀዱ ከከፍታ መልሶ ማፍሰስ።

ሙቀት፤ ከማሞቂያ በፊት መሸፈኛ

በስሜን ደጋ ሌሊቱ ቀዝቃዛ ነው። የኮራል ባሕር ዓሦች ግን 25 ዲግሪ አካባቢ ይፈልጋሉ። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ ቁመቱ 36 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ 60 ሊትር ያህል ውኃ የያዘ ገንዳ እንውሰድ። ጠቅላላ ስፋቱ አንድ ካሬ ሜትር ገደማ ነው። ባዶ መስታወት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትርና በእያንዳንዱ ዲግሪ ልዩነት 5 ዋት ያህል ሙቀት ያስወጣል ብለን እናስላ። ክፍሉ 10፣ ውኃው 25 ዲግሪ ቢሆን ልዩነቱ 15 ስለሆነ 75 ዋት ያለማቋረጥ ይባክናል። ይህም በቀን 1.8፣ በወር 54 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው።

መብራት ቢጠፋስ? 60 ሊትር የጨው ውኃን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 245 ኪሎ ጁል ያህል መውጣት አለበት። በ75 ዋት ሲሰላ ውኃው በመጀመሪያው ሰዓት ከአንድ ዲግሪ ትንሽ በላይ፣ በስድስት ሰዓት ውስጥ ደግሞ ከ5 ዲግሪ በላይ ይቀዘቅዛል። ከኋላ፣ ከጎንና ከሥር በስታይሮፎም፣ በበግ ፀጉር ወይም በአሮጌ ብርድ ልብስ ከሸፈንነው፣ ከላይም መክደኛ ካደረግንለት፣ ብክነቱ ወደ ግማሽ ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ በስድስት ሰዓት የሚቀንሰው 3 ዲግሪ ያህል ይሆናል። ከትልቅ ማሞቂያ ይልቅ ያለ ዋጋ የሚገኘው መሸፈኛ ይቀድማል የምንለው ለዚህ ነው። ማሞቂያው 100 ዋት፣ ሙቀት ጠባቂ ቴርሞስታት ያለውና ለውኃ ውስጥ ተብሎ የተሠራ ይሁን። ሻይ ማፍያ ኮይል ጨርሶ አይሞከርም፤ ለሰውም አደገኛ ነው። መክደኛው አየር የሚገባበት ክፍተት እንዲኖረው መዘንጋት አይገባም።

ማጣሪያ፤ የማይታዩት ሠራተኞች

እንስሳት ከሰውነታቸው አሞኒያ ያስወግዳሉ። አሞኒያ በውኃ ውስጥ በሁለት መልክ ይገኛል፤ መርዛማው ያልተሞላው አሞኒያ ሲሆን፣ አሞኒየም የተባለው ባለ ኤሌክትሪክ ሙል መልኩ ግን ጉዳቱ አነስተኛ ነው። የባሕር ውኃ ፒኤች 8.2 አካባቢ ነው። በዚህ ፒኤች የመርዛማው ድርሻ ፒኤቹ 7 ከሆነ ውኃ ጋር ሲነጻጸር ከ10 እጥፍ በላይ ነው። በወንዝ ውኃ አኳሪየም የማይገድል ስሕተት በጨው ውኃ የሚገድለው ከዚህ የተነሣ ነው።

መድኃኒቱ ሁለት ዓይነት ባክቴሪያዎች ናቸው። አንዱ ቡድን አሞኒያን ወደ ናይትራይት፣ ሌላው ናይትራይትን ጉዳቱ በጣም ወዳነሰው ናይትሬት ይለውጣል። ማጣሪያ ስንል በዋነኛነት የእነዚህ ባክቴሪያዎች መኖሪያ ማለታችን ነው። መኖሪያውን በእጅ መሥራት ይቻላል። አንድ ቁራጭ ስፖንጅና ጥቂት ባለ ቀዳዳ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ጎኑ በተበሳ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ይደረጋል፤ የአየር ቱቦው በመካከሉ ይገባል። ሽቅብ የሚወጣው አየር ውኃውን በስፖንጁ ውስጥ ይስባል። በአንድ ትንሽ ፓምፕ አየርም ማጣሪያም አገኘን ማለት ነው።

ባክቴሪያዎቹን ግን ገንዘብ አያፋጥናቸውም። ገንዳው ውኃና ማጣሪያ ከገባለት በኋላ እንስሳ ሳይገባበት ቁንጣሪ የዓሣ ምግብ ይጨመርበታል፤ የሚበሰብሰው ምግብ አሞኒያ ያመነጫል። በ25 ዲግሪ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት፣ በቀዝቃዛ ውኃ ከዚያም በላይ መጠበቅ ያሻል። አሞኒያና ናይትራይት ሁለቱም ዜሮ መሆናቸው በመለኪያ ሲረጋገጥ ብቻ ገንዳው ዝግጁ ነው። እንግዲያው የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ ሊገዙ ከሚገባቸው ዕቃዎች አንዱ ነው። ስፖንጁ ሲቆሽሽ ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ይታጠባል፤ በቧንቧ ውኃ ቢታጠብ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላቸዋል።

ገንዳው፣ ድንጋዩና ብርሃኑ

ከላይ ለጠቀስነው መጠን 6 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው መስታወት ያገለግላል። ውኃው ብቻ ከ60 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝን ማስቀመጫው ጠንካራና የተስተካከለ መሆን አለበት። ማጣበቂያው ሲሊኮን ሻጋታ መከላከያ መድኃኒት ያልተጨመረበት ይሁን።

የስሜን ተራሮች ባዛልት ናቸው። ባዛልት ለጌጥ ይሆናል፤ ፒኤቹን ግን ለመጠበቅ አይረዳም። የኖራ ድንጋይ ቀስ በቀስ እየሟሟ ውኃው አሲዳማ እንዳይሆን ያግዛል። ሁለቱን ለመለየት የሎሚ ጭማቂ ወይም ቀጭን አሲድ ጠብ ማድረግ ይበቃል፤ የኖራ ድንጋይ አረፋ ያወጣል፣ ባዛልት አያወጣም።

ኃይለኛ መብራት የሚያስፈልገው ለኮራል ነው፤ በሰውነቱ ውስጥ የሚኖሩት ደቂቅ አልጌዎች ያለ ብርሃን አይመግቡትምና። ዓሣ ብቻ ላለበት ገንዳ አንድ ተራ አምፖል ለጥቂት ሰዓታት ይበቃዋል። እንግዲህ ኮራልን ማቆየት ማለት ውዱን መብራት ማቆየት ማለት ነው። ቆሻሻን በአረፋ የሚያወጣው ፕሮቲን ስኪመርም በየሳምንቱ ከውኃው አሥር በመቶ ለሚለውጥ ጀማሪ ሊቆይለት ይችላል።

ከየት እንጀምር?

እስካሁን ያልነውን ስናጠቃልል፣ በደባርቅና በጃናሞራ ከፍታ የሚበጀው የመጀመሪያ የጨው ውኃ ነዋሪ ዓሣ አይደለም። አርቴሚያ የተባለችው ትንሽ የጨው ውኃ ፍጡር ናት። አርቴሚያ የሽሪምፕ ዘመድ ስትሆን አድጋ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ትደርሳለች። ደረቅ እንቁላሏ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ በዓሣ ጫጩት ማርቢያዎች ስለሚፈለግም በዓለም ገበያ በቆርቆሮ ታሽጎ ይሸጣል። ሕይወት ያለው እንስሳ በከረጢት አሳፍሮ ተራራ ማሻገር ቀረ ማለት ነው።

የሚያስፈልገው ዕቃ ጥቂት ነው። «ሃይላንድ» የሚባለው የውኃ ጠርሙስ ታችኛው ክፍል ይቆረጥና ክዳኑ ተጠብቆ ይገለበጣል። በአንድ ሊትር ውኃ ከ25 እስከ 35 ግራም ጨውና ቁንጣሪ የመጋገሪያ ሶዳ ይጨመራል። ለመፈልፈያ ብቻ ከሆነ ተጣርቶ የጠራ የአሞሌ ውኃ ይበቃል፤ ለማሳደግ ግን ከላይ የሰጠነው ሙሉ ቅመም ይመረጣል። ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሙቀት፣ ብርሃንና ከቱቦ የሚመጣ አየር ካገኙ እንቁላሎቹ ከአንድ እስከ ሁለት ቀን ባለው ጊዜ ይፈለፈላሉ። ከዚያ በኋላ ሰፋ ወዳለ ዕቃ ይዛወራሉ። ምግባቸው ውኃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ ወይም እጅግ ጥቂት የዳቦ እርሾ ነው፤ እርሾው ውኃውን አደፍርሶ ከዋለ በዝቷል ማለት ነው።

ለደጋ የምትስማማበት ምክንያት በደሟ ውስጥ ነው። አርቴሚያ ኦክስጅን ሲያንሳት ሄሞግሎቢን ታመርታለች፤ ሰውነቷም ወደ ቀይ ይለወጣል። አንዱ እየተነፋ፣ ሌላው ሳይነፋ በተቀመጡ ሁለት ዕቃዎች ውስጥ ያሉትን ቀለማቸውን ማስተያየት በየትኛውም ትምህርት ቤት ሊደረግ የሚችል ሙከራ ነው። በባሕር ወለል ካለው 70 በመቶ በሆነ ግፊት የሚኖር ተማሪ ሰውነቱ ለከፍታ የሚሰጠውን መልስ በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ያያል።

አንድ ማሳሰቢያ አለ። የሰሜን አሜሪካ ዝርያ የሆነችው አርቴሚያ በምዕራብ ሜዲትራኒያን አካባቢ የቦታውን ዝርያዎች እያፈናቀለች ትገኛለች። ስለዚህ አሮጌው ውኃ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ማሳ አይደፋም፤ ፈልቶ ወደ መጸዳጃ ጉድጓድ ይጣላል። የጃናሞራ ወንዞች ወደ ተከዜ እንደሚወርዱ አንርሳ።

ይህ ሥራ ለጥቂት ወራት በደንብ ከተካሄደ፣ የጨው መጠን፣ ሙቀትና ንጽሕና መጠበቅ ልማድ ከሆነ በኋላ ብቻ ወደ 60 ሊትሩ ገንዳ መሄድ ይቻላል። ያን ጊዜም ከባሕር የተያዙትን ሳይሆን በገንዳ ተወልደው ያደጉትን፣ ለምሳሌ ክላውንፊሽን፣ ከአንድ ወይም ከሁለት ሳያልፉ መምረጥ ይገባል።

በአገራችንም የጨው ውኃ ዓሦች መኖራቸውን ሳንጠቅስ አናልፍም። በአፋር ከባሕር ወለል በታች በሚገኘው በጨዋማው የአፍዴራ ሐይቅና በዙሪያው ምንጮች በዓለም ሌላ ቦታ የማይታወቁ ዓሦች ይኖራሉ። ከእነዚህ አንዱን ትንሽ ዓሣ አበበ ጌታሁንና ኬነዝ ላዛራ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2001 ለሳይንስ አስተዋውቀውታል። መኖሪያቸው ያ አንድ ሐይቅ ብቻ ስለሆነ ለቤት ገንዳ ተብለው ሊያዙ አይገባም። አሞሌና አርቴሚያ ይዞ የሚለማመድ ወጣት ግን ነገ እነርሱን በሚያጠናና በሚጠብቅ ሙያ ሊሰማራ ይችላል።

ማጠቃለያ

የምንገዛው፤ የተሟላ የባሕር ጨው ወይም ቅመሞቹን፣ ቴርሞሜትር፣ በባትሪም የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ፣ የአርቴሚያ እንቁላል፤ ወደ ዓሣ ስንሸጋገር ደግሞ የአሞኒያና የናይትራይት መለኪያ፣ መስታወቱንና ማሞቂያውን።

የምንሠራው፤ መፈልፈያውን፣ የስፖንጅ ማጣሪያውን፣ የሙቀት መሸፈኛውንና በጠርሙስና በሚዛን የጨው መለኪያውን።

የምናቆየው፤ ኮራልን፣ ኃይለኛ መብራትን፣ ፕሮቲን ስኪመርንና ብዙ ዓሣን።

ለመለማመጃ

1. 60 ሊትር የያዘ፣ ጨዉ 35 ግራም በሊትር የሆነ ገንዳ 3 ሊትር በትነት ቢያጣ የጨዉ መጠን ስንት ይሆናል? የጎደለውን በጨው ውኃ ብንተካውስ?

2. በጠርሙስና በሚዛን የተገኘው ውጤት 1.026 ሆኖ ሳለ ውኃው ለዓሣ የማይስማማበትን ምክንያት አስረዱ።

3. የትምህርት ቤታችሁን ከፍታና የሌሊት ሙቀት ፈልጋችሁ፣ ለ60 ሊትር ገንዳ የሚባክነውን ሙቀት ከመሸፈኛ ጋርና ያለ መሸፈኛ አስሉ።

4. ሁለተኛ የአየር ፓምፕ መጨመር በደባርቅ በውኃ የሚሟሟውን ኦክስጅን ጣሪያ ለምን ከፍ እንደማያደርገው፣ ነገር ግን ዓሣ በበዛበት ገንዳ ለምን ሊጠቅም እንደሚችል አብራሩ።